መወጣጫው ወደ ውጭ አዘንብሏል፣ ለሳኞች ቆመዋል፤ እንዴት ላቃናው?

ፎርማን_22፦
ባለሙያዎች እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የውጭ ልስን ላይ ነን፣ መወጣጫው የእንጨት ነው። ሌሊት ከባድ ዝናብ ነበር፤ ጠዋት ስንገባ ከላይ በኩል ከግድግዳው ወደ አንድ ክንድ ያህል ርቋል። ለሳኞቹ ከነረዳቶቻቸው ታች ቆመው ይጠብቃሉ። ኮንትራክተሩ «በገመድ ስባችሁ መልሱት፣ በሽቦ ጠፍራችሁ እሰሩት፣ ሥራ ቀጥሉ» ይላል። ከላይ ነው የሚሳበው ከመሃል? ስንት ሰው ይበቃል?

ቱንቢ_አይዋሽም፦
ፎርማን፣ ያዘነበለው ግድግዳው እንዳይሆን መጀመሪያ ቱንቢ ጣል! ቀልዱ ይቆየንና በየፎቁ ከውስጥ፣ ከመስኮት ሆነህ በሜትር ለካ። ክፍተቱ ከታች ጀምሮ እኩል እየሰፋ ከሄደ እግሩ ሰምጧል። ታች ደህና ሆኖ ከአንድ ፎቅ በላይ ብቻ ድንገት ከተከፈተ፣ እዚያ ጋ የያዘው ነገር ተነቅሏል። የሁለቱ መፍትሔ አይገናኝም። መወጣጫው ላይ ወጥቶ የሚለካ ሰው እንዳይኖር።

ሞራሌ፦
ሦስት አራት ፑንቴሎ (መደገፊያ እንጨት) ከውጭ አስደግፍ፣ ይቆማል።

ሲቪል_ሥራ፦
ፎርማን፣ ሳይታወቅ መልስ የማይሰጥባቸውን ነገሮች አልጻፍክም። ቁመቱ ስንት ነው? ቋሚው አንድ ረድፍ ነው ሁለት? እግሮቹ ምን ላይ ቆመዋል? ከሕንፃው ጋር በምን ተይዟል? ጣውላው ላይ አሁን ጭነት አለ?

የድሮ_አናጢ፦
ልጄ፣ ይሄ ነገር ትናንት ሌሊት አልጀመረም። እርጥብ ባህር ዛፍ ቆርጠው ያመጡና በዚያው ሳምንት ይመቱታል። እንጨቱ እየደረቀ ሲሄድ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩ የያዘው ቦታ ይላላል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። ቋሚ የሚሆን አጠና ቀጭኑ ጫፍ ላይ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ካልወፈረ አይቁም። መሬት የነካው እግር በክረምት ይበሰብሳል፤ በሚስማር ወጋ አድርገህ ከገባልህ እንጨቱ አልቋል። አግዳሚውን በ12 ሴንቲ ሚስማር ብቻ ያስቀመጠ ሰው ክብደቱን ሁሉ ሚስማሩ ላይ ጣለው፤ ከአግዳሚው ሥር ቋሚው ላይ የእንጨት ማረፊያ ቁራጭ መመታት አለበት። የኤክስ ድጋፍ ደግሞ ከመሬት እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ። ዛሬ ሁሉም ሁለት ፎቅ ድረስ መትቶ «በቃ» ይላል። የምትሰማኝ ከሆነ ስብሰባ ላይ አንሳው።

ፎርማን_22፦
ይቅርታ፣ ጥድፊያ ላይ ሆኜ ነው። ጂ ፕላስ 3 ነው፣ ወደ 12 ሜትር ይሆናል። ቋሚው ሁለት ረድፍ ነው። የውጭው ረድፍ የፍሳሽ ቱቦ የተቀበረበት ቦይ ላይ ነው፤ በቅርቡ ነው አፈር የተሞላው፣ ከሥሩ ምንም አልተነጠፈም። በጥቁር ሽቦ ከመስኮት ፍሬም ጋር ታስሯል። ለካሁ፣ ክፍተቱ ከታች ጀምሮ እየሰፋ ነው የሚሄደው። ሦስተኛው ላይ አሸዋና ሁለት በርሜል ውሃ አለ። አሁን የምፈልገው ማቃኛው ነው።

ሞራሌ፦
ያልኩትን ድጋሚ ልበል፤ ፑንቴሎ ከውጭ፣ ከ60 ዲግሪ ባልበለጠ ተዳፋት።

ሲቪል_ሥራ፦
እንግዲህ የውጭው ረድፍ ሰምጧል፣ ሽቦው ተስቧል። ፎርማን፣ ጥያቄህ ራሱ መለወጥ አለበት። ይሄ የሚቃና ነገር አይደለም፤ ባለበት ይዘህ፣ ከላይ ወደ ታች አፍርሰህ እንደገና የምትመታው ነው። በገመድ ስትስበው የሰመጠው እግር አይነሳም፤ የሚታጠፈው መጋጠሚያው ነው። ሚስማሩ ከተሰነጠቀው እንጨት ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ወይ ወደ ሳቢዎቹ ይመጣል።

ሞራሌ፣ ፑንቴሎው ትክክል ነው፤ ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ከውጭ ለማስደገፍ ሰው በሚወድቅበት በኩል ሥሩ መቆም አለበት። ስለዚህ ከውስጥ ይጀመራል።

አንደኛ፣ ቢያንስ የመወጣጫውን ቁመት ያህል ማለትም 12 ሜትር ዙሪያውን በገመድ ከልል፣ እግረኛውም በዚያ አይለፍ። በርሜሉን ለማንሳት ማንም እንዳይወጣ፤ ከመስኮት ሆነህ በጎማ ቱቦ ውሃውን ወደ ውስጥ ምጠጠው። አሸዋው እጅ የማይደርስበት ከሆነ መወጣጫው እስኪያዝ ይቆይ።

ሁለተኛ፣ በየፎቁ መስኮት ከውስጥ ያዘው። ከመስኮቱ ስፋት በግራም በቀኝም 30 ሴንቲ የሚተርፍ ሞራሌ (አራት ማዕዘን እንጨት) ከግድግዳው ውስጠኛ ፊት ጋር አጋድም። ጠንካራ አጠና በመስኮቱ አሳልፍና አንዱን ጫፍ ከሞራሌው፣ ሌላውን ከሁለቱም ረድፍ ቋሚ ጋር እሰር። ከዚያ ከግድግዳው ውጭ ፊት ላይ ሌላ ሞራሌ ከዚያው አጠና ጋር እሰር። አሁን ወደ ውጭም ወደ ውስጥም አይሄድም። ሽቦ ብቻውን መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም፤ የመስኮት ፍሬም ደግሞ ራሱን ለመያዝ ብቻ ነው የተገጠመው። ግድግዳው ባዶ ብሎኬት ከሆነ ከኮለኑ (ከኮንክሪት ምሰሶው) ጋር ማሰር ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ይህ ካለቀ በኋላ ፑንቴሎ። ሥሩ ጣውላ፣ ከጣውላው ኋላ መሬት ውስጥ የተመታ ችካል፤ አለዚያ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ ይሄዳል።

ቀን_ሠራተኛ፦
ቀበቶ ሴፍቲ ለብሰው ልስኑን ቢጨርሱስ? ሁለት ቀን የማይሞላ ሥራ ነው።

ሴፍቲ_ኦፊሰር፦
ወንድሜ፣ ቀበቶውን መወጣጫው ላይ ካሰረው አብሮ ነው የሚወርደው። ማሰሪያው ከኮለን ጋር ይሁን፣ ከራስ በላይ በሆነ ቦታ። ሌላም አለ፦ 1.8 ሜትር ማሰሪያ ያለው ሰው ሲወድቅ የማሰሪያው ርዝመት፣ የሚዘረጋው ድንጋጤ መቀበያ፣ የራሱ ቁመት ሲደመር 6 ሜትር ገደማ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። አንደኛ ፎቅ ላይ ያለ ለሳኝ ማሰሪያው ሳያስቆመው መሬት ሊደርስ ይችላል። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረው ቀበቶም ለመውደቅ አይሆንም፣ ሙሉ አካል የሚይዘው ነው የሚያስፈልገው። የሚያፈርሱት ሰዎች ግን ይልበሱት።

ፎርማን፣ አንድ ጥያቄ፦ በዚያ በኩል የመብራት ሽቦ አለ?

ፎርማን_22፦
በመንገዱ በኩል ምሰሶ አለ። ከመወጣጫው ጥግ ሁለት ሜትር ገደማ ይሆናል፣ በፊት ራቅ ያለ ነበር።

ሴፍቲ_ኦፊሰር፦
ይሄን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብህ። እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የ15 ሺህ ቮልት መስመር ከሆነ ሳይነካውም ሊዘልል ይችላል። ከ3 ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ ምንም ሥራ የለም፤ ረጅም አጠና፣ ፌሮ፣ የብረት መሰላል በዚያ ጥግ እንዳይነሳ። የአካባቢህ መብራት አገልግሎት ማዕከል መስመሩን እስኪያጠፋ ጥጉን ከውስጥም አትንኩት። ሌላውን በኩል ማሰር ትችላላችሁ።

ቱንቢ_አይዋሽም፦
እንደገና ስትመቱት የቦዩን ነገር አትርሱ። የላላውን አፈር አውጥታችሁ ጠንካራው ላይ ድረሱ፣ በድንጋይና በጠጠር እየደበደባችሁ ሙሉት። ከላዩ 5 ሴንቲ ውፍረት፣ 22 ሴንቲ ስፋት ያለው ጣውላ ቢያንስ ሁለት ቋሚ እንዲይዝ ርዝመቱን አጋድሙ። ብሎኬት ከሥር አታድርጉ፣ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈረካከሰው። የጣሪያው ውሃ የሚወርድበት አሸንዳ እዚያው እግሩ ላይ ከሆነ በቱቦ አርቁት፤ ካልሆነ በሚቀጥለው ዝናብ ያው ነው።

ኮንትራክተር_አዲስ፦
ሁላችሁም አጋነናችሁ። አገሪቱ በሙሉ በአጠና ነው የተሠራችው። ቆም ብሎ መጠገን እያለ አፍርስ ማለት የሦስት ቀን ሒሳብ ነው፣ ማን ይከፍላል?

ሲቪል_ሥራ፦
በአጠና መሥራት አይደለም ችግሩ። በደንብ የተመታ አጠና ልስን ይሸከማል። ይሄኛው ግን እግሩ ሰምጧል፣ መጋጠሚያዎቹ ተጣመዋል፣ የትኛው ሚስማር እንደላላ ማንም ከታች ሆኖ አያውቅም። ሒሳቡን ካነሳህ፣ አጠናውና ጣውላው አይጣልም፤ ያልተሰነጠቀው ተመልሶ ይመታል።

ቀን_ሠራተኛ፦
ኮንትራክተሩ «ያልወጣ ይሂድ፣ የቀኑም የለውም» ካለስ?

ሴፍቲ_ኦፊሰር፦
የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስረዳ ያስገድዳል። አንቀጽ 32 ደግሞ ለጤናና ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ እንዳለ አሠሪው እያወቀ እርምጃ ካልወሰደ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችል ይላል። ፎርማን፣ አንተ ደግሞ ዛሬውኑ በሳይት ቡክ ጻፈው፦ ሰዓቱን፣ የለካኸውን ክፍተት፣ ማን ምን እንዳዘዘ። የአማካሪው ተቆጣጣሪ ይፈርምበት። በቃል የታዘዘ ነገር አደጋ ሲደርስ አንተ ላይ ይቀራል።

የድሮ_አናጢ፦
ፎርማን ምን አደረግክ ታዲያ? ድምፅህ ጠፋ።

ለሳኝ_ሰሚት፦
አዲሱ ከቆመ በኋላ ለምትለስኑ ወንድሞቼ፦ ልስኑ ማሰሪያው ጋ ሲደርስ «ያስቸግረናል» ብላችሁ አትፍቱት። ማሰሪያዎቹ በቁመት በየ4 ሜትሩ፣ በአግድም በየሁለት ቋሚው ናቸው፤ አንዱ ሲፈታ የሱ ክብደት ጎረቤቱ ላይ ይወድቃል። መጀመሪያ አጠገቡ ሌላ እሰሩ፣ ከዚያ የድሮውን ፍቱ። ያቺ የምትቀር ቦታ መወጣጫው እየፈረሰ ሲወርድ ከላይ ወደ ታች ትለሰናለች። ፊቱን በኬሻ ከጋረዳችሁት ደግሞ ነፋስ ስለሚይዝ ማሰሪያው መብዛት አለበት። መተላለፊያው ሦስት ጣውላ ከሆነ ሦስቱም ሁለቱ ጫፍ ላይ ይታሰሩ፤ ከአግዳሚው ከ5 ሴንቲ ያላነሰ፣ ከ15 ያልበለጠ ይትረፍ። በጣም የተረፈውን ጫፍ የረገጠ ሰው ጣውላው ይገለበጥበታል።