ልጄ በመቀመጫው ነው፤ ያስዞራችሁ እናቶች ምከሩኝ

እህቶቼ፣ እባካችሁ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ነው፤ 36 ሳምንት ሞልቶኛል። ትናንት አልትራሳውንድ ስነሳ ጭንቅላቱ ከላይ፣ መቀመጫው ከታች ሆኖ ተገኘ። የልብ ምቱም የእንሽርት ውሃውም ደህና ነው፣ ተመስገን። ሐኪሟ ሁለት ምርጫ ሰጠችኝ። በ37ኛው ሳምንት ሆስፒታል ውስጥ ሆዴን ከውጭ በእጅ እየገፉ ማዞር፣ ካልሆነ ኦፕራሲዮን። ማዞሩ ግማሽ ያህሉ ላይ ይሳካል አለችኝ። ማህፀን የሚያላላ መድኃኒት ይሰጣሉ፤ የልጁን ልብ ምት ይከታተላሉ፤ ችግር ከመጣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ እዚያው ነው።

አማቴ ደግሞ ሰፈር ውስጥ በቅቤ አሽተው የሚያዞሩ ሴትዮ አሉ ብለው ቀን ቆርጠውልኛል። እወዳቸዋለሁ፣ ለእኔው አስበው ነው። ግን የእንግዴ ልጁ ቢላቀቅና ብደማ ማን ይደርስልኛል? አልሄድም። እንዳይከፋቸው እንዴት ልንገራቸው?

ሆስፒታል ያስዞራችሁ፣ ሕመሙ እንዴት ነው? በዚያው ቀን ቤት ገባችሁ? ተንበርክኮ ደረትን ወደ መሬት ማስጠጋትስ የረዳችሁ አለ? እኔ በቀን ሁለቴ እየሞከርኩ ነው። ማታ ማታ ጎድኔ ስር ጭንቅላቱን ስዳስስ እንባዬ ይመጣል።