የእናቴ የዓይን ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እየታጠፈ ይወጋታል፤ ሕመሙ ከዓይኗ ነው ወይስ ከቆቡ?

ጠያቂ (አዲስ አበባ)፦

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ የምትኖረው ምሥራቅ ጎጃም ገጠር ውስጥ ሲሆን ዕድሜዋ ስድሳን አልፏል። ከብዙ ዓመታት ጀምሮ የላይኛው የዓይን ቆቧ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እየታጠፈ ዓይኗን ይወጋታል። ሲቆረቁራት ጎረቤት ጠርታ በወረንጦ ታስነቅላለች፤ ለጥቂት ሳምንታት ይሻላትና እንደገና ይበቅላል። ፀሐይ ያጥበረብራታል፣ እንባዋ ያለማቋረጥ ይፈስሳል፣ በቀኝ ዓይኗ ጥቁር ክፍል ላይም ነጣ ያለ ነገር መታየት ጀምሯል። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አይታት የዓይን ማዝ ማለትም ትራኮማ ያስከተለው መሆኑን፣ ዓይኗም ድርቀት እንዳለበት ነግራት ለቆብ ቀዶ ሕክምና ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ጽፋላታለች።

እናቴ ግን «የሚያመኝ ዓይኔ ሆኖ ሳለ ቆቤን የሚቀዱት ለምንድን ነው?» ብላ አሻፈረኝ አለች። በስልክ ላስረዳት ብሞክርም የዓይንን አሠራር በሚገባ ስለማላውቅ የምነግራት አጣሁ። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንድታብራሩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ቀዶ ሕክምናው በዓይኑ ላይ ሳይሆን በቆቡ ላይ የሚደረገው ለምንድን ነው? እንባዋ እንዲህ እየፈሰሰ ዓይኗ ደርቋል የሚባለውስ እንዴት ነው? በዓይኗ ላይ ያለው ነጭ ነገርስ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ይለቅቃል?

የዓይን ነርስ (በጤና ጣቢያ የቆብ ቀዶ ሕክምና የምትሠራ)፦

የእናትዎ ጥያቄ እኛ ዘንድ ከሚመጡት እናቶች አብዛኞቹ የሚያነሡት ነው፤ በጥያቄውም ትክክል ናቸው። ሕመሙ የሚሰማቸው ዓይናቸው ላይ ነው፤ የሕመሙ መነሻ ግን የቆቡ ውስጠኛ ገጽ ነው።

የላይኛው ቆብ ከውጭ ወደ ውስጥ ሲታይ የተደራረቡ ክፍሎች አሉት። በውጭ በኩል ከመላው የሰውነት ቆዳችን እጅግ ስስ የሆነው ቆዳ ይገኛል። ከሥሩ ዓይንን ዙሪያውን የከበበ፣ ስንጨፍን የሚኮማተር ጡንቻ አለ። ከዚያ ቀጥሎ ታርሰስ የሚባል ጠንካራ ሰሌዳ ይመጣል፤ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ቁመቱ በላይኛው ቆብ መሐል 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቆቡ ሳይጨማደድ የዓይን ኳሱን ተከትሎ እንዲተኛ የሚያደርገው ይህ ሰሌዳ ሲሆን፣ በሸሚዝ ኮሌታ ውስጥ ከሚሰፋው ደረቅ ጨርቅ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። በመጨረሻም ከዓይን ኳስ ጋር የሚነካካው እርጥብና ስስ ሽፋን አለ፤ ኮንጀንክቲቫ ይባላል። ይህ ሽፋን የቆቡን ውስጥ ከለበሰ በኋላ ወደ ኋላ ታጥፎ የዓይኑን ነጭ ክፍል ያለብሳል። ጉድፍ ከዓይን ጀርባ ሾልኮ ይገባል እየተባለ የሚወራው እውነት የማይሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እጥፋቱ መንገዱን ዘግቶታል።

ትራኮማ የሚያጠቃው ይህንኑ ውስጠኛ ሽፋን ነው። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የሚባለው ባክቴሪያ በአብዛኛው በልጅነት በእጅ፣ በፊት መጥረጊያ ጨርቅና በዓይናር ላይ በሚያርፍ ዝንብ አማካኝነት ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢይዝ ጉዳት ሳያስከትል ሊያልፍ ይችላል፤ ለዓመታት ሲመላለስ ግን ሽፋኑ ከሥሩ ይጠብሳል። ጠባሳ ደግሞ ባለበት አይቀመጥም፤ ቀስ በቀስ ይኮማተራል። ኮሌታው ከውስጥ በኩል ብቻ ቢሸበሸብ ጠርዙ ወደ ውስጥ እንደሚጠቀለል ሁሉ፣ ታርሰሱም በጠባሳው እየተጎተተ ይጎብጣል፤ ሽፋሽፍቱም ከጠርዙ ጋር ዞሮ ዓይኑን ይነካል። እናቶች ከልጆች ጋር ስለሚውሉና ሕመሙ ስለሚመላለስባቸው ይህ ችግር በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ በዝቶ ይታያል።

ሰው ነቅቶ ሳለ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ በአንድ ቀን ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ መሆኑ ነው። የታጠፈው ሽፋሽፍት በእያንዳንዱ እርግብግቢት ዓይኑን ይፍቃል። ስለዚህ ዓይኑን ለማዳን መስተካከል ያለበት ቆቡ ነው። ማደንዘዣ በቆቡ ላይ ከተወጋ በኋላ ታርሰሱ ከጠርዙ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀደዳል፤ የታችኛው ቁራጭ ሽፋሽፍቱን ይዞ ወደ ውጭ እንዲዞር ተደርጎ ይሰፋል። የዓይን ኳሱ አይቀደድም። እናትዎ በዕለቱ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

የባዮሎጂ መምህር (ደብረ ብርሃን)፦

ቆቡን በተመለከተ ሲስተር ከበቂ በላይ ስላስረዱ እኔ ስለ እንባው ልጨምር። ይህ ክፍል ለተማሪዎቼም ግራ የሚያጋባቸው ነው።

ዓይንን የሚያረጥበው እንባ ተራ ውኃ አይደለም። ውኃማው ክፍል በአብዛኛው የሚመነጨው ከቅንድብ በታች፣ በዓይን ጎድጓዳ የላይኛውና የውጭው ማዕዘን ላይ ከተቀመጠው የእንባ ዕጢ ነው። በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛው በታርሰሱ ውስጥ በሰልፍ የቆሙ ጥቃቅን ዕጢዎች በቆቡ ጠርዝ በኩል የሚያፈሱት ቅባት ነው፤ ይህ ቅባት ከላይ ተንሳፍፎ ውኃው ቶሎ እንዳይተን ይከላከላል። ዕጢዎቹ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዝርዝር በገለጻቸው በጀርመናዊው ሐኪም በሃይንሪክ ማይቦም ስም ይጠራሉ። ሁለተኛው በኮንጀንክቲቫ ላይ ያሉ ሕዋሳት የሚያመነጩት ልጋግ መሰል ፈሳሽ ሲሆን፣ ውኃው በዓይኑ ገጽ ላይ ተንጠባጥቦ እንዳይቀር እኩል እንዲነጠፍ ያደርገዋል።

ሥራውን የጨረሰው እንባ በአፍንጫ በኩል ባለው የቆብ ጥግ ላይ በሚገኙ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይገባል፤ አንዱ በላይኛው፣ ሌላው በታችኛው ቆብ ላይ ነው። ከዚያ በቀጭን ቦይ ወደ እንባ ከረጢት፣ ከከረጢቱም ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ሰው ሲያለቅስ ንፍጡ የሚፈሰው ለዚህ ነው። እንባውን ወደ ቀዳዳዎቹ የሚገፋው ደግሞ የቆቡ መርገብገብ ነው።

እንግዲህ ትራኮማ የጠበሰውን ቆብ በዚህ ዓይን ይመልከቱት። ቅባት አመንጪዎቹ ዕጢዎች ያሉት በታርሰሱ ውስጥ ነው፤ ልጋግ አመንጪዎቹ ሕዋሳትም በተጠቃው ሽፋን ላይ ናቸው፤ ሁለቱም ከጠባሳው ጋር ይጎዳሉ። በመሆኑም ዓይኑን በሚገባ ሸፍኖ የሚቆይ እንባ ይጠፋል፤ ደረቀ የተባለውም ይህ ነው። በጉንጫቸው ላይ የሚወርደው ግን ሽፋሽፍቱ ዓይኑን በወጋ ቁጥር ነርቭ ለእንባ ዕጢው መልእክት ስለሚያስተላልፍ የሚመጣ ድንገተኛ ውኃ ነው። ብዙ ቢሆንም አይቆይም፤ ቆቡ ሲጎብጥ ቀዳዳዎቹ ከቦታቸው ከተዛነፉም መውረጃ አጥቶ ወደ ውጭ ይፈስሳል። በእኔ አስተያየት እናትዎን ለማሳመን ከሁሉ የሚቀልለው ይህ ነው፤ እንባው ሕመሙን አጥቦ እያወጣላቸው አይደለም።

አንድ አባል (ባሕር ዳር)፦

ወንድሜ፣ እኔ የማውቀውን ልንገርህ። አክስቴ ለረጅም ዓመታት በወረንጦ እያስነቀለች ኖራለች፤ እስከ ዛሬ ታያለች። በአንጻሩ የጎረቤታችን እናት ቀዶ ሕክምናውን ካደረጉ በኋላ ሽፋሽፍቱ ተመልሶባቸዋል። ስለዚህ እናትህ ካልፈለጉ አታስጨንቃቸው፤ መንቀሉም ሕክምና ነው።

የዓይን ነርስ፦

ይህ አስተያየት ከፊል እውነት ስላለው በዝርዝር መመለስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመና በአማራ ክልል 1,300 ሰዎችን ለሁለት ዓመት በተከታተለ ጥናት፣ ዓይን የሚነካው ሽፋሽፍት ከስድስት በታች በሆነባቸው ሰዎች ላይ በትክክለኛ ወረንጦ መንቀልና ቀዶ ሕክምና ተነጻጽረው በዕይታ ረገድ ጉልህ ልዩነት አልታየም። ነገር ግን በጥናቱ ለሚነቅሉት ሰዎች አፉ በደንብ የሚገጥም ወረንጦ ተሰጥቷቸዋል፣ የሚነቅልላቸው ሰውም ሠልጥኗል። በየቤቱ ያለው ወረንጦ ብዙውን ጊዜ የደነዘዘ በመሆኑ ፀጉሩን ከሥሩ ከመንቀል ይልቅ ከመሐል ይሰብረዋል፤ የተሰበረው ፀጉር አጭርና ቀጥ ያለ ስለሚሆን ከረጅሙ ይልቅ ይወጋል። እናትዎ ደግሞ ሽፋሽፍቱ ለዓመታት የታጠፈባቸው፣ በዓይናቸውም ላይ ነጭ ነገር የታየባቸው ናቸው፤ የጥቂት ፀጉር ጉዳይ አይመስለኝም።

ይመለሳል የተባለውም እውነት ነው፤ ለተወሰኑ ሰዎች ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ይመለሳል፣ በድጋሚም ይሠራል። ይህንን ሳንደብቅ ለእናትዎ አስቀድሞ መንገር ይሻላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ጊዜ የሚዋጥ አዚትሮማይሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የመመለሱን ዕድል አንድ ሦስተኛ ያህል እንደቀነሰ በወላይታ የተደረገ ጥናት ስላሳየ፣ በዕለቱ ይሰጣቸው እንደሆነ ይጠይቁ።

የዓይን ሐኪም፦

ሦስተኛው ጥያቄ ስላልተመለሰ እርሱን ልውሰድ። እናትዎ «ጥቁር» የሚሉት የዓይን ክፍል ፊት ለፊት ኮርኒያ የሚባል ብርሃን አሳላፊ ሽፋን አለ። እርሱ ራሱ ቀለም የለውም፤ ጥቁር የሚመስለን ከኋላው ያሉት አይሪስ (ባለ ቀለሙ ክብ ክፍል) እና ብሌን (በመሐሉ ያለው ቀዳዳ) ስለሚታዩበት ነው። መሐሉ ላይ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ሆኖም ብርሃንን አጥፎ በሬቲና (ብርሃን በሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ላይ ከሚሰበስበው የዓይን ኃይል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የእርሱ ነው። ጥርት ብሎ እንዲቆይ የደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅኑን በአመዛኙ የሚያገኘው በእንባው በኩል ከአየር ነው። ነርቭ ግን እጅግ በብዛት ስላለው አንዲት ፀጉር እንኳ ዕረፍት ትነሣለች።

የኮርኒያ የላይኛው ስስ ንብርብር ሲፋቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱን ይተካል። ፍቀቱ ሳይቋረጥ ሲቀር፣ በተለይም ቁስሉ በጀርም ሲመረዝ፣ ጉዳቱ ወደ ዋናው አካል ይዘልቃል። ይህ አካል ከውፍረቱ ዘጠኝ አሥረኛውን የሚይዝ፣ በሥርዓት የተደረደሩ ክሮች ያሉት ነው፤ ብርሃን የሚያሳልፈውም በዚያ ሥርዓት ምክንያት ነው። ከቆሰለ በኋላ የሚተካው ጠባሳ ድርድሩን ስለማይጠብቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። እንግዲህ የቆብ ቀዶ ሕክምና ያንን ጠባሳ አያስለቅቅም፤ ጉዳቱ እንዳይቀጥል ግን ያደርጋል። መፋቁ ሲቆም ዓይኑ ስለሚረጋጋ አንዳንዶች ጥቂት የዕይታ መሻሻል ያገኛሉ፤ ለእናትዎ ግን ይህንን እንደ ተስፋ ባይሰጧቸው እመርጣለሁ።

በተጨማሪ ነጩ ነገር በእርግጥ የት እንዳለ መታየት አለበት። በብሌኑ ቀዳዳ ውስጥ፣ ማለትም ከአይሪስ ኋላ የሚታይ ከሆነ ከአይሪስ ኋላ ያለው ብርሃን አሳላፊ ሌንስ መደፍረስ ማለትም የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ በሌላ ቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች 49.9 በመቶው ሞራ፣ 11.5 በመቶው የትራኮማ ጠባሳ ነበር፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ መገኘታቸውም እንግዳ ነገር አይደለም። ኮርኒያ መተካት የሚታሰብ ቢሆን እንኳ አስቀድሞ ቆቡ መስተካከል አለበት፤ በሚወጋ ሽፋሽፍትና በደረቀ ዓይን ላይ የተተከለ ኮርኒያ አይበረክትም።

አንድ ማሳሰቢያም አለኝ። መቅላቱንና ሕመሙን ለማስታገስ ከመድኃኒት ቤት በልማድ የሚገዛ ዴክሳሜታሶን ያለበት ጠብታ አይጠቀሙ፤ የተመረዘን ቁስል ያባብሳል፣ ሲቆይም የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋል። ሕመሙ በድንገት ከበረታ፣ አዲስ ነጭ ወይም ቢጫ ነጥብ ከታየ ወይም ዕይታቸው ከቀነሰ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይውሰዷቸው።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ስለ ኮሌታውና ስለ እንባው ነገርኳት፤ መሠራቱን ተስማምታለች። ነገር ግን «አዝመራው ይግባና በታኅሣሥ» አለችኝ። ሲስተር፣ እስከዚያ መቆየት ትችላለች? ቤት ውስጥ ሁለት የልጅ ልጆችም አሏት።

የዓይን ነርስ፦

ኮርኒያቸው ተጎድቶ ከሆነ የሚባክን ሳምንት የለምና በቶሎ ቢሠሩ እመርጣለሁ። ሥራ የሚያግዳቸው ብዙ አይደለም፤ ዓይናቸው የሚሸፈነው ቢበዛ እስከ ማግሥቱ ነው፣ ስፌቱ የሚሟሟ ካልሆነ ደግሞ ከ8 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ይወጣል። በእነዚህ ቀናት ከአውድማ አቧራና ከምድጃ ጭስ ቢርቁ፣ ዓይናቸውንም ባያሹ ይበቃል። ስለዚህ ከአጨዳው በፊት አሁኑኑ የሚሠሩበትን ቀን ጤና ጣቢያውን ይጠይቁ፤ ይህ ሕክምና በብዙ ቦታ ያለ ክፍያ ይሰጣል፣ በየጊዜውም የዘመቻ ፕሮግራም አለ።

እስከ ቀጠሮው ድረስ የሚነቀል ከሆነ አፉ የሚገጥም ወረንጦ አፍልታችሁ፣ በቀን ብርሃን፣ ዓይኑ ደህና አድርጎ የሚያይ ሰው ፀጉሩን ከሥሩ ይዞ በአበቃቀሉ አቅጣጫ ይንቀል።

የልጆቹ ነገር ከእናትዎ ይለያል፤ በእነርሱ ላይ ካለ ገና ጠባሳ ሳይሆን ሕያው ልክፍት ነው። የላይኛው ቆባቸው ተገልብጦ በባለሙያ ይታይ፣ በቀበሌው አዚትሮማይሲን በሚታደልበት ቀንም እንዳይቀሩ። ፊታቸው ዓይናርና ንፍጥ እንዳይቆይበት በየቀኑ ይታጠብ፤ ከአያታቸው ጋር በአንድ ነጠላ ጫፍ ፊት መጥረግ ይቅር። በቀዶ ሕክምናው ቀን ግን ልጆቹን ሳይሆን መንገድ የሚመራቸው አዋቂ ሰው ይዘው ይምጡ፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው በአንድ ቀን ሊሠሩ ስለሚችሉ ሲመለሱ ብቻቸውን መሄድ አይችሉም።