የአፕ መጠን በስኪማ ላይ እንዴት ይገባል? ቫሊዴተሩ እምቢ አለኝ

ጀማሪው፦
ሰላም ቤተሰብ። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጆቹ የሚቀይር ትንሽ የአንድሮይድ አፕ ሠርቻለሁ። ኤፒኬውን (የአፑን መጫኛ ፋይል) ሰው የሚያወርደው ከራሴ ዌብሳይት ነው። ሁሌ የምጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ሜባ ነው?» በፓኬጅ የሚጠቀም ሰው መጠኑን ሳያውቅ አይነካውም፤ እኔም ብሆን።

ስለዚህ መጠኑን ገጹ ስኪማ ውስጥ (ገጹ ስለ ምን እንደሆነ ለጎግልና ለሌሎች ማሽኖች የሚነግረው ኮድ) ላስገባ አልኩ፤ ጎግል ላይ ከአፑ ስም ሥር እንዲታይልኝ። የጻፍኩት በጄሰን-ኤልዲ (ስኪማ በሚጻፍበት የጄሰን ቅርጽ) ነው፣ ዓይነቱ ሶፍትዌር አፕሊኬሽን። «ኮንቴንት ሳይዝ» የሚለውን ፕሮፐርቲ (የመረጃ መስክ) ጨምሬ 24 አልኩት። የስኪማ ቫሊዴተር (ኮዱን የሚፈትሽ መሣሪያ) «ይሄን አላውቀውም» ይለኛል። የጎግሉ ሪች ሪዘልትስ ቴስት (ገጹ ፍለጋ ላይ ከነተጨማሪ መረጃው መታየት ይችል እንደሆነ የሚፈትሸው) ደግሞ ስለ መጠኑ ትንፍሽ ሳይል ስለ ኮከብ፣ ማለትም ስለ ተጠቃሚዎች ደረጃ፣ ይጨቀጭቀኛል። ምኑን ነው የሳትኩት?

ዌብ ሠሪዋ፦
ስሙን ነው የሳትከው። ኮንቴንት ሳይዝ የሚዲያ ፋይል ነው፤ ለቪዲዮ፣ ለድምፅ፣ ለምስል። ለሶፍትዌር የተሰጠው «ፋይል ሳይዝ» ነው። ኮዱ ላይ ሁለቱን ቃላት በላቲን ፊደል ያለ ክፍተት አያይዛቸው። የሳይዝ መጀመሪያ ኤስ ብቻ ካፒታል ትሁን፣ ሌላው ሁሉ ትንሽ ፊደል።

የባሰው ስህተት ግን 24 ብለህ ማቆምህ ነው። በስኪማ ዶት ኦርግ ማብራሪያ መሠረት መለኪያ ካልተጻፈ ቁጥሩ በኪሎባይት ይወሰዳል። አፕህን 24 ኪሎባይት አደረግከው እኮ! ከፕሮፋይል ፎቶ ያነሰ አፕ። ከቁጥሩ ቀጥሎ ኤም እና ቢ በላቲን ፊደል ጻፍ፤ ቫልዩው (የምትሞላው ነገር) ጽሑፍ ስለሆነ ሁሉንም በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርገው።

ጀማሪው፦
እህቴ ተባረኪ። ግን አሁን ጭራሽ ባሰ። ኮዱ በሙሉ አይነበብም አለኝ። መስመሩን ስክሪንሾት አድርጌ ለጥፌዋለሁ።

የኮድ ልጅ፦
ሃሃ፣ አየኋት። ከመስመሩ መጨረሻ ያለችውን ምልክት እያት። ነጠላ ሰረዝ ናት! ኪቦርድህን ከአማርኛ ሳትመልሰው ጽፈሃል። ጄሰን የፈረንጁን ኮማ እንጂ የእኛን ነጠላ ሰረዝ አያውቅም። እኔን ይቺ ነገር አንድ ሌሊት አሳድራኛለች። ስታስተካክል የመጨረሻው ፕሮፐርቲ ላይ ኮማ እንዳታስከትል፣ እሱም ያበላሻል።

ዌብ ሠሪዋ፦
ስለ ኮከቡ ልመለስ። ጎግል ለሶፍትዌር ሪች ሪዘልት የግድ የሚላቸው ስም፣ ዋጋ፣ እና የተጠቃሚዎች ደረጃ ወይም ሪቪው ናቸው። ምድብና ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቢኖሩ ይመረጣል ይላል። ፋይል ሳይዝ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ቁርጡን ልንገርህ፦ መጠኑን በትክክል ብትጽፈውም ጎግል ከአፑ ስም ሥር አያወጣልህም። አፑ ነፃ ከሆነ ዋጋውን 0 በለው። ደረጃ ከሌለህ ግን ከኪስህ አውጥተህ 5 ኮከብ እንዳትሰጠው። ደረጃው እውነተኛ፣ ገጹም ላይ የሚታይ መሆን አለበት፤ አለዚያ ጎግል ቅጣት አለው።

ጀማሪው፦
እና ታዲያ ምን ያደርግልኛል? ድካም ብቻ?

ሽማግሌው፦
ልጄ፣ ስኪማ የጎግል ብቻ አይደለም። በ2011 ጎግል፣ ቢንግና ያሁ አብረው ነው የጀመሩት፣ በዚያው ዓመት ያንዴክስ ተጨመረ። ገጽህን የሚያነብ ሌላ ማሽን ሊጠቀምበት ይችላል፤ የሚወስድብህም አንድ መስመር ነው። አንተን የሚጠይቅህ ሰው ግን ስኪማ አያነብም። መጠኑን መጀመሪያ ማውረጃው በተን ላይ በግልጽ ጻፍለት። ጎግልም ቢሆን ማርክአፑ (የስኪማው ኮድ) ገጹ ላይ የሚታየውን እንዲገልጽ ነው የሚፈልገው።

ለመሆኑ 24ን ከየት አመጣኸው?

ጀማሪው፦
ኮምፒውተሬ ላይ የፋይሉን መረጃ ከሚያሳየው የዊንዶውስ ፕሮፐርቲስ መስኮት። ከጎኑ 25,165,824 ባይት ይላል።

ሽማግሌው፦
ገመትኩ። ዊንዶውስ በ1,024 እያካፈለ «ሜጋባይት» ይልሃል፤ በዚያ ስሌት ልክ 24 ነው። በ1,000 ካካፈልከው ግን 25.2 ይሆናል። አንድሮይድ ከ8 ወዲህ መጠን የሚያሳየው በ1,000 ስሌት ነው። ስለዚህ አንተ 24 ብትል ስልኩ 25 ይለዋል፣ ሰውዬውም «አጭበረበረኝ» ይላል። ለስልክ አፕ 25.2 ጻፍ።

የኮድ ልጅ፦
ሽማግሌው ልክ ነው። ደግሞ የማውረጃውን መጠንና ከተጫነ በኋላ የሚይዘውን ቦታ እንዳታቀላቅል። ለሚያስፈልገው ባዶ ቦታ «ስቶሬጅ ሪኳየርመንትስ» የሚባል ሌላ ፕሮፐርቲ አለ። አዲስ ቨርዥን ባወጣህ ቁጥር ቁጥሩን በእጅ መቀየር ትረሳለህ፣ እመነኝ። አፑን ቢልድ የሚያደርገው (ኤፒኬውን የሚያዘጋጀው) ስክሪፕት የፋይሉን ባይት ቆጥሮ ራሱ እንዲጽፈው አድርግ፤ ያንኑ ቁጥር በተኑም ይጠቀመው።

ጀማሪው፦
ቫሊዴተሩ አሁን ዝም አለ። በተኑ ላይ «አውርድ፦ 25.2 ሜባ» ብያለሁ። ስክሪፕቱን ቅዳሜ እሞክራለሁ። እና… 5 ኮከቧንም አውጥቻታለሁ። ቴስቱ ሲጨቀጭቀኝ አስገብቻት ነበር፣ አፍሬ ነው ያልነገርኳችሁ።