ከዮም ኪፑር እስከ ሲግድ፦ የጸሎት ቤታችን የመጸው ዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ

ሻቩዓ ቶቭ፣ መልካም ሳምንት ለሁላችሁ። እንደምን ሰነበታችሁ? በዓላቱ ሳይደርሱብን፣ ከኢትዮጵያ መጥተን እዚህ እስራኤል የምንኖር የቤተ እስራኤል ልጆች የጸሎት ቤታችንን የመጸው ዕቅድ እንጨርስ። ለዒሪያው፣ ማለትም ለከተማው አስተዳደር፣ የምናስገባው አንድ የጋራ ማመልከቻ ነው። እናቶች ለብቻ፣ ወጣቶች ለብቻ መጻፋቸው እስካሁን አልጠቀመንም። እዚሁ ተነጋግረን አንድ ወረቀት እናውጣ።

ቀኖቹ እነዚህ ናቸው። ሮሽ ሃሻና፣ የ5787 አዲስ ዓመት፣ ቅዳሜ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2026 ይውላል። ዮም ኪፑር፣ የስርየቱ ጾም፣ ሰኞ ሴፕቴምበር 21 ነው። ሱኮት፣ የዳስ በዓል፣ ቅዳሜ ሴፕቴምበር 26 ይጀምራል፤ ሲምሐት ቶራ፣ የኦሪት ደስታ በዓል፣ ቅዳሜ ኦክቶበር 3 ነው። ሲግድ፣ ቃል ኪዳናችንን የምናድስበት በዓላችን፣ በዕብራይስጥ አቆጣጠር ሔሽቫን 29 ስለሆነ ሰኞ ኖቬምበር 9 ላይ ይውላል።

ባለፈው ስብሰባ የቀረበው ሐሳብ በሲግድ ሳምንት በማትናሱ፣ ማለትም በሰፈሩ የባህል ማእከል፣ አዳራሽ ትልቅ ምሽት ማዘጋጀት ነው። ዘፋኝ፣ እራት፣ የከተማው እንግዶች። ካለን ገንዘብ አብዛኛው ወደዚያ ይሄዳል። ሐሳባችሁን ጻፉ።

ከወጣቶች ክፍል

ሻሎም። ምሽቱን አልቃወምም። ግን አንድ ነገር ልናገር። ታናሽ ወንድሜ በየዓመቱ ከእኛ ጋር ኢየሩሳሌም ይወጣል። አርሞን ሃናጺቭ በሚባለው ኮረብታ ላይ ቄሶቻችን በጃንጥላ ሥር ቆመው ኦሪቱን በግዕዝ ሲያነቡ ያያል። ፎቶ ያነሳል። ምን እንደሚነበብ ግን እስከዛሬ ቁጭ ብሎ የነገረው ሰው የለም። ጓደኞቹም እንደዚያው ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ወታደር ቤት የሚገቡ ልጆች ናቸው እኮ!

አያቶቻችን ከአስተስርዮ፣ ማለትም ከዮም ኪፑር፣ በኋላ ሃምሳ ቀን ቆጥረው ነው ሲግድን የሚያከብሩት። ሃምሳው ቀን ባዶ ሆኖ ለምን ያልፋል? በየሳምንቱ አንድ ምሽት አባቶችና እናቶች ከወጣቶች ጋር ይቀመጡ። ሲግድ ላይ የሚነበበውን ቀድመን እንማር። ያን ጊዜ ተራራው ላይ የምንቆመው ተረድተን ነው። ማመልከቻው ላይ ዋናው ነገር ይሄ ቢሆን እላለሁ።

ገንዘብ ያዥ

እህቴ ሐሳብሽ ደስ ይላል። የሚያስቸግረኝ ግን አለ። ዒሪያው ገንዘብ የሚሰጠው ሕዝብ ለሚሰበሰብበት ዝግጅት ነው። ቅጹ ላይ «ስንት ሰው ይገኛል?» የሚል መጠይቅ አለ። በጸሎት ቤት አሥራ አምስት ሰው ተቀምጦ ቢማር ማን ይደግፈናል? ደግሞ ምሽቱ ጎረቤቶቻችንን የምናገኝበት ነው። ሩሲያኛ ተናጋሪው ጎረቤቴ ሲግድን ያወቀው በዚያ ምሽት ነው። ይህን ቀላል አድርገን አንየው።

አንድ አባት

ልጆቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የልጅ ልጄ ነው የምናገረውን የሚጽፍልኝ።

ጎንደር አጠገብ አምቦበር ሳለን ሲግድ ሲደርስ ሰው ከየመንደሩ በእግሩ ነበር የሚመጣው። ልብሳችንን አጥበን፣ ነጭ ለብሰን፣ ጾመን ተራራውን እንወጣለን። ኦሪቱን ቄሶች ይዘው ከፊት ይሄዳሉ። እኛ ድንጋይ ተሸክመን እንከተላለን፤ ራሳችንን ዝቅ ስናደርግ ነው። ቄሱ በግዕዝ ያነባል፤ ከዚያ በአማርኛ ይፈታልናል። ያልተፈታ ንባብ የለም። ሕፃኑም አሮጊቷም ሰምቶ ነው የሚወርደው። ከወረድን በኋላ ዳቦው፣ ጠላው፣ ነጋሪቱና ቀጨሉ ይመጣል።

የሚነበበው በዘጸአት በሲና ተራራ ሕጉ የተሰጠበት ነው። ነህምያም ይነበባል። ከባቢሎን የተመለሱት ተሰብስበው፣ ጾመው፣ ማቅ ለብሰው ኃጢአታቸውን የተናዘዙበት። ነህምያ 8ን ክፈቱና እዩ። ዕዝራ መጽሐፉን ከፈተ፣ ሕዝቡ ሁሉ ቆመ፣ ሌዋውያኑም ሕዝቡ የሚነበበውን እንዲያስተውል ያስረዱ ነበር። ሲግድ ይሄ ነው። ልጅቷ የጠየቀችው አዲስ ነገር አይደለም። የበዓሉን ሥርዓት ነው የጠየቀችው። እኔ በሕይወት እያለሁ ይደረግ።

የእናቶች ክፍል ተወካይ

አባታችን ዕድሜ ይስጥልን። እኔም ከልጅቷ ጋር ነኝ። ግን እኛ ሴቶችም እንሰማለን ወይ? ይሄ ይነሳ።

የሴቶች ክፍል ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው አሥራ ስምንት እርከን አለው፤ መደገፊያው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች ከሥር በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። ወጥተው የደረሱትም ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ አይሰማቸውም። ትምህርቱ በዚያ ቤት ከሆነ የግዕዙን ዜማ በልባቸው የያዙ እናቶች ውጭ ይቀራሉ። እነሱ እኮ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ዛሬም በቃላቸው ይሉታል። ስለዚህ ሳምንታዊው ምሽት ምድር ቤት ባለው ክፍል ይሁን። ሁላችንም በአንድ ዙር እንቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ቋንቋ። ከትግራይ የመጡ እናቶቻችን ትግርኛ ነው የሚቀናቸው። አማርኛና ዕብራይስጥ ብቻ ብላችሁ እንዳትጽፉ።

ሦስተኛ፣ ዳቦ። የማትናሱ አዳራሽ ቤት የተጋገረ ነገር አያስገባም፤ የካሽሩት፣ ማለትም ምግቡ በሕጋችን መሠረት መሠራቱን የሚያሳይ፣ ወረቀት ይጠይቃል። ባለፈው ከቤት ጋግረን የወሰድነው ዳቦ በር ላይ ተመልሶ ቅር ብሎን ነበር። አሁን የምለው፣ በጸሎት ቤታችን ወጥ ቤት እንጋግር። ረቡዕ ማታ ሊጡን አብረን እናቡካ፤ ወጣት ሴቶችም ይምጡ። የካሽሩት ተቆጣጣሪው ከመጀመሪያው ይገኝ። ዱቄቱ በፊቱ ይነፋ፣ ሐላው፣ ከሊጡ የሚነሳው ድርሻ፣ በፊቱ ይለይ። ያኔ አዳራሹ ምን ሊል ነው? ለልጆቹም ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። ሊጡ ኩፍ እስኪል ድረስ የሚወራው ወሬ ብቻ ስንት ነገር ይዟል!

ጸሎት መሪ

ሻሎም ለሁሉም። ሁለት ነገር ልጨምር።

አባታችን የሚሉት ጸሎት መቀዳት አለበት። ግዕዙን ከነዜማው የሚያውቁ አባቶች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ጸሎቶቻችን ውስጥ የአገውኛ ቃላትም አሉ፤ እነሱን የሚፈታ ሰው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ነገር ግን ቅዳሜና በዓል ቀን ስልክም መቅጃም አንነካም። ስለዚህ ምሽቱ የሥራ ቀን መሆን አለበት። ማክሰኞ ከዓርቪት፣ ከማታው ጸሎት፣ በኋላ ይሁን። ሚንያኑ፣ ለጸሎት የሚሰበሰበው ጉባኤ፣ ጸሎቱን ጨርሶ እዚያው ይቀጥላል፤ ማንም አይስተጓጎልም።

ሌላው፣ ሃምሳ ቀን ሰባት ሳምንት ይመስላል እንጂ እንደዚያ አይደለም። ከዮም ኪፑር በኋላ ሁለቱን ሳምንት ሱካውን፣ የበዓሉን ዳስ፣ መሥራቱና በዓሉ ራሱ ይወስደዋል። ከሲምሐት ቶራ በኋላ ያሉት ማክሰኞዎች ኦክቶበር 6፣ 13፣ 20፣ 27 እና ኖቬምበር 3 ናቸው። አምስት ምሽት። ኦክቶበር 25 ሰዓቱ ወደ ክረምት ስለሚቀየር ከዚያ በኋላ በጊዜ ይጨልማል። ሽማግሌዎቹን ቤታቸው የሚያደርስ መኪና ያለው ሰው ያስፈልጋል።

አንድ አባል፣ ነርስ ነኝ

አጭር ነገር ነው። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው፣ መድኃኒት በሰዓቱ የሚወስዱ ወላጆች ለዮም ኪፑርም ለሲግድም ጾም ሐኪማቸውን ቀድመው ይጠይቁ። ሳይጠይቁ መድኃኒት አያቋርጡ። ኢየሩሳሌም በምንወጣበት አውቶቡስ ውኃ ይኑር፤ ፊት ያሉት ወንበሮች ለእነሱ ይተዉ። ከሌሎች ነርሶች ጋር ተነጋግረን በየአውቶቡሱ አንድ ሰው እንመድባለን።

ገንዘብ ያዥ

አባታችን ያሉትን ደጋግሜ አነበብኩት። አሳምነውኛል። እንግዲህ ገንዘቡን እንዲህ ብናደርገው ምን ይመስላችኋል? ዘፋኙ ይቅር። ከሁሉም የሚበልጠው ወጪ እሱ ነው። ምሽቱ ይኑር፤ ግን አምስቱ ማክሰኞ የተማሩት ወጣቶች ራሳቸው መድረክ ላይ ይውጡ። ነጋሪትና ቀጨል የሚያውቁ አባቶች አጠገባቸው ይቀመጡ። የዒሪያው ቅጽ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ዝግጅት ይፈልጋል፣ እኛም አለን። አምስቱ ምሽቶች የዝግጅቱ አካል ሆነው ይጻፋሉ። ከዘፋኙ የተረፈው ለአውቶቡስ፣ ለዱቄትና ለደረጃው መደገፊያ ይሁን።

ከወጣቶች ክፍል

ጋሼ እግዚአብሔር ያክብርልኝ! ይሄ ከጠበቅኩት በላይ ነው።

እኛ የምንሠራውን ልናገር። እያንዳንዱ ወጣት አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ይይዛል። ማክሰኞ ማክሰኞ ከቤት ያመጣል፣ ይመልሳል። የሚነገረውን ይቀዳል፣ በዕብራይስጥ ይጽፋል። ትግርኛ ለሚናገሩት እናቶች ትግርኛ የሚችሉ ሁለት ልጆች አሉን። በመጨረሻ የሲግድ ንባብ በግዕዝ፣ በአማርኛ፣ በትግርኛና በዕብራይስጥ ጎን ለጎን ያለበት ቀጭን ደብተር ይታተማል። አውቶቡስ ውስጥ ለሁሉም እናድላለን።

የተቀዳው የት ይቀመጣል የሚለውን ግን አባቶች ይወስኑ። ያለእነሱ ፈቃድ ቲክቶክ ላይ የሚወጣ ነገር አይኖርም። ይህን እኛ ወጣቶቹ ቃል እንገባለን።

አንድ አባት

ልጄ፣ ይህን በማለትሽ ተባረኪ። ጸሎት መጫወቻ አይሁን። በጸሎት ቤቱ ይቀመጥ፤ ሊማር የመጣ ይስማ።

አንድ ነገር ደግሞ። ከአምስቱ ምሽት አንዱ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ስንመጣ ለሞቱብን ይሁን። በመንገድና በመጠለያው ወደ አራት ሺህ የሚጠጋ ወገን ቀርቷል ይባላል። እኔ ሱዳን ኡም ራኩባ መጠለያ የቀበርኳቸው አሉ። «ኢየሩሳሌም፣ ኢየሩሳሌም» እያሉ ነው የሞቱት። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ሳለ ይጻፍ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

እሺ አባቴ። የእነሱ መታሰቢያ ቀን በዕብራይስጥ አቆጣጠር ኢያር 28 ነው፤ እሱ በፀደይ ስለሆነ ለዚያ ዕቅድ ራሱን የቻለ ውይይት እንከፍታለን። ስሞቹን መጻፍ ግን አሁኑኑ ይጀመራል። አራተኛው ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 27፣ የዚህ ነው።

እስካሁን በተስማማንበት መሠረት ረቂቁን አዘጋጅቻለሁ። አንብቡት።

«እኛ የጸሎት ቤቱ ማኅበር አባላት ከሲምሐት ቶራ እስከ ሲግድ ላለው ጊዜ የሚከተለውን የጋራ ዝግጅት እናቀርባለን። ከኦክቶበር 6 እስከ ኖቬምበር 3 በየማክሰኞው ከዓርቪት በኋላ አባቶች፣ እናቶችና ወጣቶች በምድር ቤቱ ክፍል በአንድ ላይ ተቀምጠው የሲግድን ንባብና ጸሎት ይማማራሉ። ትምህርቱ በአባቶች ፈቃድ ይቀዳል። በአራት ቋንቋ ደብተር ይታተማል። ኖቬምበር 9 በሁለት አውቶቡስ ኢየሩሳሌም ወጥተን ከመላው ቤተ እስራኤል ጋር ሲግድን እናከብራለን። ሐሙስ ኖቬምበር 12 ማታ በማትናሱ አዳራሽ ለከተማው ነዋሪ ሁሉ ክፍት የሆነ ምሽት ይኖራል፤ ዳቦው በጸሎት ቤቱ ወጥ ቤት በካሽሩት ቁጥጥር ሥር ይጋገራል። ሲግድ በ2008 በክኔሴት፣ በእስራኤል ፓርላማ፣ ሕግ የመላው አገሪቱ በዓል ሆኖ ተደንግጓል። ከተማችንም ይህን በዓል ከእኛ ጋር እንድታከብር እንጠይቃለን። ድጋፉ ለአዳራሽ፣ ለአውቶቡስ፣ ለሕትመት፣ ለዱቄትና ለደረጃ መደገፊያ ይውላል።»

የእናቶች ክፍል ተወካይ

ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ጎድሏል። የደረጃው መደገፊያ እንደ በዓል ማስጌጫ ከዱቄት ጋር አብሮ ባይጻፍ። ለብቻው ይጻፍ፤ ምክንያቱም ይነገር። «አረጋውያን ሴቶች ወደ ጸሎት መውጣት አልቻሉም» በሉ። ድምፅ ማጉያም ይጨመር። ዮም ኪፑር ከመድረሱ በፊት እንዲሠራ ደግሞ ዒሪያውን ሳንጠብቅ ከራሳችን ገንዘብ እናዋጣ። ቀኑን ሙሉ ጾመው በር ላይ የሚቀመጡ እናቶች ዘንድሮ ውስጥ ይግቡ።

ገንዘብ ያዥ

እስማማለሁ። መደገፊያውን ከማኅበሩ ሣጥን እንከፍላለን፤ ከማመልከቻው ይውጣ። ድምፅ ማጉያው ይግባ። ብረት ሠሪ ወንድማችን እሑድ መጥቶ እንዲለካ ነግሬዋለሁ።

ጸሎት መሪ

ድምፅ ማጉያው ለማክሰኞዎቹና ለአዳራሹ ነው እንጂ ለቅዳሜና ለበዓል አይሆንም፤ ይህ ግልጽ ሆኖ ይጻፍ። ለዮም ኪፑር እኔ መቆሚያውን ከሴቶች ክፍል ሥር ወዳለው ቦታ አቀርበዋለሁ። መጋረጃውም ወፍራም ነው፤ በስስ ጨርቅ ቢቀየር ድምፅ ያልፋል።

የእናቶች ክፍል ተወካይ

መጋረጃውን እኛ እንሰፋለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ሁሉንም አስተካክያለሁ። መደገፊያው ወጥቷል፤ ድምፅ ማጉያው «ለሥራ ቀን ዝግጅቶች» ተብሎ ገብቷል። እስከ ረቡዕ ማታ ተቃውሞ ከሌለ ሐሙስ ጠዋት ዒሪያው ይገባል። ሲግድ ሰኞ ስለሚውል ሠራተኞች ከአሁኑ ፈቃድ ጠይቁ። አባት ወይም እናት የሚይዙ ወጣቶች ስማችሁን ለወጣቶች ክፍል ስጡ፤ መኪና ያላችሁም ለኦክቶበር 27 እና ለኖቬምበር 3 ንገሩኝ።