ግሪን ቡክ ሮማን እንዴት አሸነፈ? እስኪ የሚያስረዳኝ

የአቶቴዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ ነገር አልዋጥልኝ ብሎ ነው የምጽፈው። እዚህ ሀዋሳ ከጓደኞቼ ጋር ቤት ተሰብስበን ፊልም እናያለን፣ በዚህ ወር ደግሞ ኦስካር የወሰደውንና ያጣውን ጎን ለጎን እንይ ተባብለን በፈረንጆቹ 2019 ምርጥ ፊልም የተባለውን ግሪን ቡክንና ያኔ የተሸነፈውን ሮማ የሚባለውን ፊልም ፍላሽ ላይ አስጭነን በተከታታይ አየናቸው፣ እኔ ከዛን ቀን ጀምሮ ንዴቱ አልወጣልኝም።

ግሪን ቡክ፣ ነጭ ሹፌር ጥቁር ፒያኒስት ይዞ ዘረኝነት በነገሠበት የአሜሪካ ደቡብ የሚዞርበት ፊልም ነው፣ መጥፎ ነው አላልኩም። ስቀንበታል፣ ማህርሻላ አሊም ፒያኒስቱን ዶን ሸርሊን ሆኖ ሲሠራ ዓይን ይይዛል፣ የረዳት ተዋናይ ሽልማቱ ሲያንሰው ነው። ግን እንዳለቀ ስለ ፊልሙ ትንሽ ተወራና ወዲያው ስለ ቤት ኪራይ ገባን። ሮማን ያየን ቀን ግን እስከ እኩለ ሌሊት ወሬው ስለየቤታችን ሆነ፣ ስለ ቤት ሠራተኞች። አንዷ ጓደኛችን አዝላ ያሳደገቻት ሠራተኛቸው የአባቷ ስም ማን እንደሆነ እስከዛሬ እንደማታውቅ ነገረችን።

ላላያችሁት፣ ታሪኩ በ1970 እና 71 ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ነው፣ አንድ የዶክተር ቤት ስለምትሠራ ክሊዮ ስለምትባል ልጅ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ የሚነገረውም ስፔንኛና ሚክስቴክ የሚባል የነባሩ ሕዝብ ቋንቋ ነው። አንድ ቦታ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ቲቪ ያያል፣ ክሊዮም አጠገባቸው ትቀመጣለች፣ ልጁ ትከሻዋን አቅፏታል፣ ገና ከመቀመጧ ለዶክተሩ ሻይ አምጪ ትባልና ትነሳለች። ሌላ ቦታ ደግሞ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ስትገባ የቤቱ አያት ስለሷ ሲጠየቁ ሙሉ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የተወለደችበትን ቀን አያውቁም፣ አንድ ቤት አብራቸው እየኖረች! ይሄ እኮ የኛ ቤት ነው፣ ሰርቪስ ቤቱ ሳይቀር።

እና በዛው የኦስካር ምሽት የሮማ ዳይሬክተር አልፎንሶ ኩዋሮን ምርጥ ዳይሬክተር ተባለ፣ ካሜራውንም የሠራው ራሱ ስለሆነ የሲኒማቶግራፊውን ወሰደ፣ የውጭ ቋንቋ ፊልሙንም ወሰደ። የግሪን ቡኩ ፒተር ፋረሊ ግን በዳይሬክተርነት እጩ እንኳን አልሆነም። ታዲያ ዳይሬክተሩ ከአምስቱ ውስጥ ያልገባ ፊልም ከስምንት ፊልም መሀል አንደኛ የሚወጣው በምን ሂሳብ ነው? ማነው የሚመርጠው? የሚያውቅ ያስረዳኝ።

ሲኒማ ወዳጅ፦
የሚመርጡት ኦስካርን የሚሰጠው የአካዳሚው አባላት ናቸው፣ ፊልም ሠሪዎቹ ራሳቸው ማለት ነው፣ ተዋናዩም ኤዲተሩም የድምፅ ባለሙያውም። ሌሎቹ ዘርፎች ላይ እያንዳንዱ አንድ ድምፅ ይሰጣል፣ ብዙ ያገኘ ይወስዳል፣ አለቀ። ምርጥ ፊልም ላይ ግን በ2010ሩ ሥነ ሥርዓት እጩዎቹን ከ5 ወደ 10 ሲያሳድጉ (በኋላ እንደ 2019ኙ ስምንት የሚሆኑበትም ዓመት ነበር) አቆጣጠሩንም ቀየሩት፣ አሁን አባሉ ፊልሞቹን በሙሉ 1ኛ 2ኛ 3ኛ እያለ በደረጃ ነው የሚጽፈው። ከግማሽ በላይ ሰው አንደኛ ያለው ፊልም ከሌለ ዝቅተኛው ይወጣና የሱ ድምፆች እነዛ ሰዎች ሁለተኛ ወዳሉት ይሄዳሉ፣ አንዱ ከግማሽ እስኪያልፍ እንዲህ እንዲህ እያሉ ይቀጥላሉ።

አሥር ሆነን ምሳ እንምረጥ ብንል፣ አራታችን አሣ፣ ሦስት ሰው ጥብስ፣ ሁለት ሰው ሽሮ፣ አንድ ሰው ፓስታ አልን እንበል። ፓስታ ይወጣል፣ ያ ሰው ሁለተኛ ጥብስ ካለ ጥብስ አራት ሆነ። ሽሮ ይወጣል፣ ሁለቱም ቀጥለው ጥብስ ካሉ ጥብስ ስድስት። አሣ ከመጀመሪያው ሲመራ ነበር፣ ግን ቀሪው ሰው መጨረሻ ላይ ስለጻፈው ጥብስ ወሰደው። ስለዚህ ብዙ ሰው በፍቅር የሚሞትለት ፊልም ሳይሆን ብዙ ሰው የማይጠላው ፊልም ነው የሚጠቀመው።

የድምፁን ቁጥር አካዳሚው ስለማያወጣ ሮማ ሲመራ ነበር ብሎ ማንም ሊምልልሽ አይችልም። ግን እዪው፣ የፕሮዲውሰሮች ማህበር ሽልማትም በዚሁ በደረጃ አቆጣጠር ነው የሚሰጠው፣ እሱንም ግሪን ቡክ ነው የወሰደው። ቶሮንቶ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካች ምርጫውንም እሱ ነው የወሰደው። ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ ጥቂት ዳኞች ቁጭ ብለው ሲመርጡ ግን ትልቁ ሽልማት፣ ወርቃማው አንበሳ፣ የሮማ ሆነ።

ታቦር ስር፦
የምሳው ምሳሌ ይገባል ግን ጥፋቱን ሁሉ አቆጣጠሩ ላይ መጣል ልክ አይመስለኝም። በ1991 ዳንስስ ዊዝ ዎልቭስ ጉድፌላስን ሲያሸንፍ በደረጃ መጻፍ የሚባል ነገር አልነበረም፣ በ1999 ሼክስፒር ኢን ላቭ ሴቪንግ ፕራይቬት ራያንን ሲያሸንፍም አልነበረም፣ ያኔም ልክ እንደ ሮማ ዳይሬክተርነቱን ስፒልበርግ ወስዶ ፊልሙ ነው የተዘለለው። ከሮማ በኋላ በዓመቱ ደግሞ በዚሁ አቆጣጠር ፓራሳይት አሸነፈ፣ ኮሪያንኛ ነው፣ ከእንግሊዝኛ ውጭ ምርጥ ፊልም የተባለ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ሰብታይትል ማንበብ አይወዱም የሚለውም ብቻውን አያስኬድም።

እኔ የሚመስለኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ሮማ የኔትፍሊክስ ነበር፣ ሲኒማ ቤት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ አሳይቶ ወደ ስልክና ቲቪ የሚያወርድ ድርጅት ያን ትልቅ ሽልማት ይውሰድ ማለት ዕድሜ ልኩን ለሲኒማ ቤት ሲሠራ ለኖረ ሰው ከባድ ነው፣ በዚህ መንገድ የመጣ ፊልም ያሸነፈው ገና በ2022 ነው፣ ኮዳ፣ እሱም የአፕል ነው። ሁለተኛው ግን ዋናው ነው። ግሪን ቡክ ውስጥ ዘረኛ የነበረው ሰው መንገድ ላይ ይሻሻላል፣ መጨረሻ ላይ ለገና እራት አንድ ቤት ይገናኛሉ፣ ተመልካቹም አብሮ የተሻሻለ መስሎት ይወጣል። ሮማ እንዲህ አያደርግም። ክሊዮ ዋና ሳትችል ባሕር ገብታ የአሠሪዎቿን ልጆች ታወጣለች፣ ሁሉም አቅፈዋት ያለቅሳሉ፣ ቤት ሲደርሱ ግን ያው የሚጠጣ አምጪልን ነው፣ ልብሱን ይዛ ደረጃውን ትወጣለች። ቤቱ አይለወጥም። ድምፅ ከሚሰጡት ውስጥ ቤቱ ሠራተኛ ያለችው ስንቱ ነው? ይሄን አይቶ አንደኛ ብሎ መጻፍ ቀላል አይደለም።

የሞያሌ መስመር፦
ልጆቼ አስተያየታችሁን አንብቤያለሁ፣ ግን ለግሪን ቡክ የሚከራከር ስለጠፋ እኔ ልናገር። በሹፌርነት ነው የኖርኩት፣ ከሀዋሳ ሞያሌ ስመላለስ ነው ፀጉሬ የሸበተው። መኪና ውስጥ ሁለት ሰው ለቀናት ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ያ ፊልም በደንብ ያውቃል። መጀመሪያ ዝምታ ነው፣ ቀጥሎ ምግብ ነው ሰውን የሚያቀራርበው፣ ከዛ ጸብ፣ ከዛ በኋላ ነው እውነቱ የሚወጣው። እነዛ ሁለቱ ዶሮ እየበሉ አጥንቱን በመስኮት የሚወረውሩበት ቦታ ከልቤ ነው የሳቅኩት። ደግሞ ጥቁር ሰው የት እንደሚያድር የት እንደሚበላ የሚናገር ግሪን ቡክ የሚባል መጽሐፍ ይዞ ካልሆነ በገዛ አገሩ መንገድ መውጣት አይችልም እንደነበር፣ መጽሐፉም ከ1936 ጀምሮ እየታተመ ይወጣ እንደነበር እኔ ከዛ ፊልም ነው ያወቅኩት። በርሚንግሃም ላይ አዳራሹ ውስጥ ፒያኖ እንዲጫወትላቸው ጠርተውት እዛው ምግብ ቤቱ ግን አትበላም ሲሉት አይቶ ደሙ ያልፈላ ሰው አለ? ቀላል ሆኖ መነገሩ ኃጢአት አይደለም፣ እናቴም ብታየው ይገባት ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አስቡ። ግሪን ቡክን ከጻፉት አንዱ ኒክ ቫሌሎንጋ የሹፌሩ የቶኒ ልጅ ነው፣ አባቱ የነገረውን ይዞ ነው የጻፈው። ሮማን የሠራው ግን የአሠሪዎቹ ልጅ ነው፣ ያሳደገችውን ሠራተኛ አስታውሶ። ለኔ የተቀጣሪው ልጅ የአባቱን ታሪክ ተናግሮ ትልቁን ሽልማት መውሰዱ ደስ የሚል ነገር ነው።

ታቦር ስር፦
ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የተቀጣሪው ልጅ ሲናገር የዶን ሸርሊ ወገኖችስ? ዶን ሸርሊም ቶኒም በ2013 አርፈዋል፣ ፊልሙ ሲወጣ የሸርሊ ቤተሰቦች እኛን ማን ጠየቀን፣ ግንኙነታቸውም እንደዛ አልነበረም ብለው በይፋ ተቃውመዋል። ከቤተሰቡ የተቆራረጠ ብቸኛ ሰው አድርጎ ያሳየበት ቦታ በተለይ አስቆጥቷቸዋል። ኩዋሮን ግን ያሳደገችውን ሴት ራሷን ቁጭ አድርጎ ስለ ሕይወቷ ጠይቋታል፣ ፊልሙንም ለሷ ነው መታሰቢያ ያደረገው።

የማታ ተማሪ፦
እኔ ስለ ድምፅ አቆጣጠሩ የምለው የለኝም። ከገጠር ሀዋሳ የመጣሁት በልጅነቴ ነው፣ ሰው ቤት እየሠራሁ ማታ ማታ እየተማርኩ ነው እዚህ የደረስኩት፣ ሮማን ያየሁት በቅርብ ነው። ክሊዮና ጓደኛዋ ማታ ክፍላቸው ውስጥ መብራት አጥፍተው በሻማ የሚሆኑት እመቤቲቱ መብራት ታባክናላችሁ እንዳይሉ ነው፣ ያንን ሳይ ፊልሙን አቁሜ ውጪ ወጥቼ ነው የተመለስኩት። እኔ የነበርኩበት ቤት ለፈተና ሳጠና በዚህ ሰዓት ምን መብራት ነው ተብዬ በስልኬ መብራት ነበር የማነበው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፣ ልጆቻቸውን እስከዛሬ እወዳቸዋለሁ፣ ነገሩ የሚከብደውም ለዚህ ነው፣ ትወዳቸዋለህ ግን የነሱ አይደለህም።

ጋሼ የአሠሪ ልጅ ነው የሠራው ያሉት እውነት ነው፣ እኔም ቅር ያለኝ አለ፣ ክሊዮ የምታወራው ትንሽ ነው፣ ዝም ስትል ምን እያሰበች እንደሆነ እኔ አውቃለሁ ያላለፈበት ሰው ግን ላያውቅ ይችላል። ቢሆንም እሷን ሆና የሠራችው ያሊትሳ አፓሪሲዮ ከዛ በፊት ፊልም ሠርታ የማታውቅ ለመምህርነት የተማረች ልጅ ናት፣ ለምርጥ ተዋናይት ከነ ሌዲ ጋጋ ጋር እጩ ሆና ቀረበች። ይሄንን ማየት ለኔ ትልቅ ነገር ነው። እናም ምርጥ ፊልም ቢባል ኖሮ የሚያዩት ሰዎች ይጨምሩ ነበር፣ እኔን የሚቆጨኝ እሱ ነው፣ እኔማ ሳላየውም አውቀዋለሁ፣ ማየት ያለባቸው አሠሪዎች ናቸው። ሜክሲኮ እኮ በዛው በ2019 የቤት ሠራተኞችን መብት በሕግ አሻሽላለች፣ የኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ግን የቤት ሠራተኛን ነገር ወደፊት በሚወጣ ሌላ ደንብ ይወሰናል ብሎ ነው ያለፈው።

አሞራ ገደል፦
ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል ግን የአሜሪካኖች ሽልማት እኛን ምን አገባን? የኃይሌ ገሪማ ጤዛ በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ሲወስድ ስንታችን ነው እንዲህ የተከራከርነው። ድፍረት በ2014 ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ የተመልካች ሽልማት ወሰደ፣ የያሬድ ዘለቀ ላምብ በ2015 ካን ፌስቲቫል ገባ፣ ሁለቱም ለኦስካር ከኢትዮጵያ ተልከው እጩ እንኳን አልሆኑም። እኔ የምናደደው በዚህ ነው።

የአቶቴዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሲኒማ ወዳጅ በተለይ፣ አሁን ሂሳቡ ገባኝ፣ ንዴቴ ግን አልበረደም።

አሞራ ገደል፣ የሚያገባንማ ያገባናል፣ ፊልም ቤት ሄደህ ፍላሽ ስታስጭን መጀመሪያ የሚሰጥህ ኦስካር የወሰደ ነው። ጓደኞቼ ግሪን ቡክን ሁሉም በስም ያውቁት ነበር፣ ሮማን ያወቀ አልነበረም፣ ከተማ መስሏቸው ነበር። ላምብንና ድፍረትን ያልከው ግን ልክ ነህ፣ የሚቀጥለው ወር በነሱ ይሁን ብዬ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ።

ጋሼ፣ የመኪናውን ነገር እርስዎ በነገሩኝ መንገድ አላየሁትም ነበር፣ ዶሮዋ ጋ እኛም ስቀናል። ግን ቶኒ በመጨረሻ የሚመለሰው ወደ ገዛ ቤቱ ነው፣ ክሊዮ የምትመለሰው ወደ ሰው ቤት ነው፣ እኔ ዳኛ ብሆን እዚህ ላይ ነው የምወስነው።

የማታ ተማሪ፣ እህቴ፣ የጻፍሽውን ለጓደኞቼ አነበብኩላቸው። ያቺ የሠራተኛቸውን የአባት ስም አላውቅም ያለችው ልጅ እናቷን ጠይቃ የሠራተኛዋን ስልክ እያፈላለገች ነው። እኔ ደግሞ ሮማን ለእናቴና ለጎረቤቶቻችን ላሳያቸው እፈልጋለሁ፣ እንግሊዝኛ ሰብታይትል እያነበቡ አያዩትም፣ በአማርኛ የተተረጎመ ያለው ሰው አለ?

ሲኒማ ወዳጅ፦
በአማርኛ አላየሁም። የእንግሊዝኛው ፋይል አለኝ፣ ንግግሩ ብዙ አይደለም፣ ለሁለት ለሦስት ሆነን ብንካፈለው ይተረጎማል። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እኔ እይዛለሁ።

የማታ ተማሪ፦
ክሊዮና ጓደኛዋ የሚያወሩበትን ሁሉ ለኔ ተዉልኝ።