ጥቆማ፦ አክሰለሬትድ ነርሲንግ ለመግባት ገንዘባችንን የት እናውጣ?

ጥያቄ

ሰላም እህት ወንድሞች። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። አገር ቤት በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። እዚህ ከመጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ጂኤንኤ (የአረጋውያን ነርስ ረዳት) ሆኜ እሠራለሁ። ሌላ ዲግሪ ላላቸው የሚሰጠውን አጭሩን የነርሲንግ ፕሮግራም፣ አክሰለሬትዱን፣ ልሞክር ነው። ትራንስክሪፕቴን በማን ላስገምግም? ቀድመው የሚጠየቁትን የሳይንስ ኮርሶች ኮሚኒቲ ኮሌጅ ልውሰድ ወይስ ኦንላይን? ቲስ ለሚባለው የነርሲንግ መግቢያ ፈተና ከፍዬ ኮርስ ልያዝ? የሞከራችሁ ጠቁሙኝ፤ ካሁኑ ግራ ገብቶኛል።

መልስ

እህቴ፣ እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ቦታ አመልክቼ ሦስቱም መለሱኝ። በሁለተኛው ዓመት ሁለቱ ተቀበሉኝ። በመሃል የተጨመረልኝ ጭንቅላት የለም፤ ቅደም ተከተሉን ነው ያስተካከልኩት። በመጀመሪያው ዙር መጀመሪያ ከፈልኩ፣ ከዚያ ተማርኩ፣ የትምህርት ቤቶቹን መስፈርት ያነበብኩት መጨረሻ ላይ ነው። አንቺ ገልብጪው።

ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ጀምሪ። እኛ አካባቢ ሰው በብዛት የሚያነሳቸው የቨርጂኒያዎቹ ናቸው። ጆርጅ ሜሰን 12 ወር ነው፣ የመንግሥት ስለሆነ ለቨርጂኒያ ነዋሪ ይረክሳል። አንቺ ግን ሜሪላንድ ነሽ፤ የነዋሪ ዋጋ ለማግኘት ቢያንስ አንድ ዓመት እዚያ መኖር አለብሽ። ጆርጅ ዋሽንግተን 15 ወር ነው፣ የግል ነው፣ ዋጋውን ስታዪ ተቀመጪ። ሜሪማውንት ቲዎሪውን በአብዛኛው ኦንላይን ይሰጣል፤ የላብራቶሪ ሥራው (ላቡ) እና የሆስፒታል ልምምዱ (ክሊኒካሉ) ግን በአካል ነው። ጆንስ ሆፕኪንስን ዘመድ ሁሉ «ለምን አትሞክሪም?» ይልሻል። እዚያ ነርስ ላልሆነ ሰው ያለው መግቢያ ማስተርስ እንጂ ባችለር አይደለም፣ ሂሳቡም ሌላ ነው። ሮክቪል ሼዲ ግሮቭ ያለውን የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ነርሲንግ አትርሺው። አክሰለሬትድ ባይሆንም ለሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ቅርብ ነው፣ የመንግሥት ዋጋም ነው።

ሦስት ወይም አራት ምረጪና አንድ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ሥሪ። የትኞቹን ሳይንሶች ይጠይቃል? ዝቅተኛው ግሬድ ስንት ነው? ሳይንሱ ስንት ዓመት ሲሞላው ያረጃል? ኦንላይን ላብ ይቀበላል? የመግቢያ ፈተናው ቲስ ነው፣ ሄሲ ነው ወይስ ፈተና የለውም? አንድ ኮርስ ስንት ጊዜ መድገም ይፈቅዳል? እኔ ይህን ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጥፌው ነበር። ሲሲኤንኢ ወይም አሴን የሚባሉት አካላት እውቅና የሰጡት መሆኑንም አረጋግጪ። ተመራቂዎቹ የነርስ ፈቃድ ፈተናውን፣ ኤንክሌክስን፣ በመጀመሪያ ሙከራ ስንት በመቶ እንደሚያልፉ የየስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ያወጣል። ከማስታወቂያው ይልቅ እሱን እመኚ።

ወደ ግምገማው ልምጣ። የውጭ ትምህርት ማስረጃ የሚገመግሙት ዌስና ኢሲኢ ሁለቱም ናሴስ የሚባለው የገምጋሚዎች ማኅበር አባል ናቸው፣ ብዙ ትምህርት ቤት ሁለቱንም ይቀበላል። እኔ ዌስን ነው የምመርጠው። አይካፕ የሚባለው ጥቅል ትራንስክሪፕትሽን ያስቀምጥልሻል፣ ሌላ ትምህርት ቤት ስታመለክቺ ካገር ቤት እንደገና ማስመጣት አይኖርብሽም። ማዘዝ ያለብሽ ኮርስ በኮርስ የሚተነትነውን ነው። «ይህ ዲግሪ ከአሜሪካ ባችለር እኩል ነው» ብቻ የሚለው ርካሹ ወረቀት ለዚህ አይረባም፤ እኔ መጀመሪያ እሱን ገዝቼ ገንዘቤ ውኃ በላው። አገር ቤት የነበረሽ ውጤት ግምገማው ላይ ሌላ ቁጥር ሆኖ ቢመጣም አትደንግጪ።

ትራንስክሪፕቱን የሚልከው ራሱ ዩኒቨርሲቲው መሆን አለበት፣ በታሸገ ፖስታ። የእኔን እንዴት እንደተበላሸ ልንገርሽ። ወንድሜ ሬጅስትራር ቢሮ ሦስት ቀን ተመላልሶ ፖስታው ታሸገ፣ ማኅተም ተመታበት። ነገ ይላካል ብሎ ቤት ይዞት ገባ። እናቴ ማታ ቁጭ ብላ ከፈተችው። «ስምሽ በትክክል መጻፉን ልይ ብዬ ነው» አለችኝ በስልክ። ስሜ በትክክል ተጽፏል፤ ፖስታው ግን ከንቱ ሆነ። እንደገና ለማውጣት ሁለት ወር ፈጀ፣ በዚያ መሃል የአንዱ ትምህርት ቤት ቀነ ገደብ አለፈ። ነርሲንግካስ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ የምታመለክቺ ከሆነ ደግሞ ሰነድሽን አጣርተው እስኪጨርሱ ሳምንታት ይወስዳሉ። ቀነ ገደቡ ሳምንት ሲቀረው መላክ ማለት አለመላክ ነው።

ሳይንሶቹ አናቶሚ አንድና ሁለት፣ ማይክሮ ባዮሎጂ፣ ስታትስቲክስ፣ አንዳንዱ ጋር ኬሚስትሪ፣ ኒውትሪሽንና ሂዩማን ዲቨሎፕመንት ናቸው። ያለሽ ምርጫ ይህን ይመስላል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ለካውንቲው ነዋሪ ርካሽ ነው፣ ላቡን በእጅሽ ትሠሪያለሽ፣ የሚያውቅሽ መምህር ታገኚያለሽ። ይህ የመጨረሻው ለድጋፍ ደብዳቤ ወርቅ ነው። ኦንላይን ከሆነ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ኒው ኢንግላንድ በራስሽ ፍጥነት እስከ 16 ሳምንት የምትጨርሻቸው ኮርሶች አሉት። ፖርቴጅ ለርኒንግም በራስ ፍጥነት ነው። ስትሬይተርላይን በጣም ይረክሳል፣ ግን ራሱ ኮሌጅ አይደለም፣ ክሬዲቱ በሌላ ድርጅት አስተያየት የሚሰጥ ነው። ብዙ የነርሲንግ ትምህርት ቤት ስለማይቀበለው እኔ አልነካውም። የእኔ ምክር፦ አናቶሚና ማይክሮ ሞንትጎመሪ፣ ስታትስቲክስና ኒውትሪሽን የትም።

ለምን በአካል እንዳልኩ ይገባሻል ብዬ አስባለሁ፤ አናቶሚ ተነቦ ብቻ አይያዝም። እኔ ሌሊት ነበር የምሠራው። የአጥንት ካርዶቼን በሥራ ልብሴ (ስክራቤ) ኪስ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ። እንቅልፍ የማይወስዳቸው አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠሩኝና «ያ ኪስሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ካርዶቹን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው ፈተኑኝ። የእጅ አንጓ ስምንት አጥንት አለው፤ ሰባቱን ጠርቼ አንዱ ጠፋብኝ። የራሳቸውን ክንድ ዘርግተው በአውራ ጣታቸው ሥር ያለውን ቦታ እየነኩ እስክመልስ ጠበቁ። ትራፒዚየም ነበር። ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ ፈተና ሆነ።

ቲስ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። 209 ደቂቃ ነው፣ 170 ጥያቄ፦ ንባብ 45፣ ሂሳብ 38፣ ሳይንስ 50፣ እንግሊዝኛ 37። ካልኩሌተር ስክሪኑ ላይ ይሰጡሻል፣ የራስሽን አታስገቢም። ከሳይንሱ ትልቁ ድርሻ የአናቶሚ ነው። ስለዚህ አናቶሚ ሁለትን እንደጨረስሽ፣ ሳይበርድብሽ ተፈተኚ። እኔ በመጀመሪያው ዙር የአናቶሚ ኮርሱን ሳልወስድ 600 ዶላር ከፍዬ አንድ የቲዩተር ማዕከል ገባሁ። መምህሩ ያነበበልን እኔም ቤት የነበረኝን መጽሐፍ ነው። በሁለተኛው ዙር የኤቲአይን የልምምድ ፈተና ገዛሁ። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ራሱ ኤቲአይ ስለሆነ ጥያቄው ከሁሉም ይቀርባል። ሞሜትሪክስ የሚባለው የመለማመጃ መጽሐፍ ማብራሪያው ጥሩ ነው፣ ግን አዲስ መግዛት አያስፈልግሽም፤ የካውንቲው ላይብረሪ የቲስ መጽሐፍ ያውሳል። ሂሳብ ካስፈራሽ ካን አካዳሚ በነጻ ነው። ቤት ሆኖ መፈተን ይቻላል፣ ትምህርት ቤትሽ መቀበሉን ግን አስቀድመሽ ጠይቂ።

የማመልከቻውን ድርሰት ለአርታኢ ከፍለሽ አታጽፊ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ከተመዘገብሽ የጽሑፍ ማዕከሉ በነጻ ያይልሻል። የመጀመሪያው ዓመት ድርሰቴ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወድ ነበር» ብሎ ነው የሚጀምረው። በሁለተኛው ዓመት ስለዚያች ሌሊትና ስለ ትራፒዚየም ጻፍኩ፣ የመምህርቷን ስም ሳልጠራ። የድጋፍ ደብዳቤ ከሳይንስ መምህርና ከሥራ አለቃሽ አስጽፊ። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ጥሩ ሰው መሆንሽን ይመሰክራሉ፣ የመግቢያ ኮሚቴው የሚፈልገው ግን ላብ ውስጥ ያየሽን ሰው ነው።

ሌላ መልስ

እኔ በአንድ ሁለት ነገር አልስማማም። መጀመሪያ፣ ደብል ሺፍት ለሚሠራ ሰው ኮሚኒቲ ኮሌጅ ቀን ሄዶ ላብ መግባት የማይሆን ነው። እኔ ማይክሮዬን በዩኒቨርሲቲ ኦፍ ኒው ኢንግላንድ ነው የወሰድኩት፣ የላብ ሥራውን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ሠርቼ። ባለቤቴ ጠረጴዛውን በበረኪና ሦስት ጊዜ አጠበችው እንጂ፣ ትምህርት ቤቱ ኮርሱን ቆጥሮልኝ ተቀብሎኛል።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ማንም አላነሳም። ባችለር ዲግሪ ያለው ሰው ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ የመንግሥት እርዳታ አያገኝም፤ ያገር ቤት ዲግሪም ይቆጠራል። የፌዴራል ብድሩ በዓመት እስከ 12,500 ዶላር ነው፣ ለግል ትምህርት ቤት አይበቃም። ቀሪው ከኪስ ወይም ከባንክ ነው። በዚያ ላይ በአክሰለሬትድ ጊዜ ሙሉ ሰዓት መሥራት አትችዪም፤ ቤት ኪራይሽን ማን እንደሚከፍል ካሁኑ አስቢ። ነርስ ኮርፕስ የሚባለውን የመንግሥት ስኮላርሺፕ ሞክሪ። ግሪን ካርድ ያለው ማመልከት ይችላል። ክፍያውን ይሸፍኑልሻል፣ አንቺ ደግሞ ነርስ እጥረት ባለበት ቦታ ቢያንስ ሁለት ዓመት ትሠሪያለሽ። ያ ካልሆነ የሞንትጎመሪን ወይም የፕሪንስ ጆርጅስን የሁለት ዓመት ነርሲንግ አትናቂ። ያው አንድ ኤንክሌክስ ነው የምትፈተኚው፣ ባችለሩን እየሠራሽ ኦንላይን ትጨርሻለሽ።

የመጀመሪያዋ መላሽ

ወንድሜ ስለ ገንዘቡ ልክ ነህ፣ እኔም ቁጠባዬን ጨርሻለሁ። ስለ ላቡ ግን በአቋሜ ነኝ። የእኔ ዝርዝር ላይ ከነበሩት አንዱ ኦንላይን ላብ አይቀበልም ነበር።

አጭር መልስ

አገር ቤት ነርስ የነበራችሁ ይህን ስታነቡ እንዳትሳሳቱ። እናንተ ከዜሮ መጀመር ላያስፈልጋችሁ ይችላል። መጀመሪያ ትሩሜሪት፣ ድሮ ሲጂኤፍኤንኤስ በሚባለው፣ ሰነዳችሁን አስገምግሙ፤ በቀጥታ ለኤንክሌክስ ልትበቁ ትችላላችሁ። አንድ ጓደኛዬ ይህን ሳታውቅ አናቶሚን ከመጀመሪያው ተማረች።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሠንጠረዡን ዛሬ ማታ ሠርቼ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ። እናቴ ጋም ደወልኩ፤ ፖስታው ከተዘጋጀ በኋላ ማንም እንዳይከፍተው አልኳት። «ምን አለበት፣ አይቼ መልሼ ባሽገው?» አለችኝ።