የልጆቻችን መጠይቅ ለሌላ ተመራማሪ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ?

አወያይ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። የዛሬው ክርክር ከበድ ይላል። አጣዬ በ2013 ከተቃጠለች ወዲህ፣ ደብረ ብርሃን መጠለያዎች ካሉት ተፈናቃዮችም ጭምር፣ ብዙ ልጆች መጠይቅ ሞልተዋል። ቅዠት አለ? ትደነግጫለሽ? እንቅልፍስ? ጥያቄው ይሄ ነው፦ አንዱ የሰበሰበው ዳታ የልጆቹ ስም ተሰርዞ ለሌሎች ተመራማሪዎች ይሰጥ? ወይስ እዚያው ተቆልፎ ይቅር? ስድብ የለም። ፖለቲካም አናስገባ።

የስታትስቲክስ መምህር፦ እኔ ይሰጥ ባይ ነኝ። አንድ ተማሪ መጠለያ ሄዶ 80 ልጆች አነጋገረ እንበል። ዓይኗ እያየ አባቷ የተገደለባት የ9 ዓመት ልጅ ከመካከላቸው ሁለት ወይ ሦስት ቢገኙ ነው። በሦስት ልጅ ምን ይባላል? ሲደመር ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤቫ አሊሲችና ባልደረቦቿ 43 ጥናቶችን፣ 3,563 ልጆችን አንድ ላይ አዩ። ክፉ ነገር ከደረሰባቸው ውስጥ ፒቲኤስዲ (ከክፉ ነገር በኋላ የሚቀር የአእምሮ ጭንቀት ሕመም) የያዛቸው 15.9 በመቶ ሆኑ። ውስጡን ሲፈትሹት ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። የመኪና አደጋን በመሰለ ነገር የተጎዱ ወንዶች 8.4 በመቶ፣ ሰው ጥቃት ያደረሰባቸው ሴቶች ልጆች 32.9 በመቶ። ባለሙያ ጥቂት በሆነበት አገር ማን ቀድሞ ይታይ የሚለው ከዚህ ይጀምራል።

የመሐል ሜዳው፦ መምህር፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ሸሸግ አደረጉ። ያ የታተመ ውጤት መደመር ነው። የልጆቹ መልስ አንድ በአንድ ከእጅ ወደ እጅ አልተላለፈም። እንግዲህ ካለዚያም ይቻላል ማለት ነው።

የስታትስቲክስ መምህር፦ ልክ ነህ፣ ያዝከኝ። ግን አማካይ ቁጥር ብዙ ይደብቃል። በመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ ያጣ ልጅ ከስድስት ወር በኋላ ምን ሆነ? ይሄን ለማወቅ የእያንዳንዱ ልጅ መልስ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ፓክት የሚባለው የዳታ ማኅደር የተቋቋመው። ከአሜሪካ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከእንግሊዝ፣ ከስዊዘርላንድ የተሰበሰቡ የብዙ ጥናቶች ጥሬ ዳታ አንድ ቤት ገብቷል። አብዛኛው በአደጋ ተጎድቶ ሆስፒታል የገባ ልጅ ነው። ቤቱ ተቃጥሎበት ሦስት ዓመት ድንኳን ውስጥ የኖረ ልጅ በእነሱ ልክ ይታከም?

የመሐል ሜዳው፦ ጥያቄው ጥሩ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። «ስም ተሰርዟል» ትላላችሁ። ላታንያ ስዊኒ የምትባል አሜሪካዊት የኮምፒውተር ባለሙያ የልደት ቀን፣ ፆታና የሰፈር መለያ የፖስታ ኮድ ብቻ ይዛ 87 በመቶውን አሜሪካዊ መለየት እንደሚቻል አሳይታለች። ያ ሁሉ ሚሊዮን ሕዝብ ባለበት አገር! እኛ ጋ «ሴት፣ 9 ዓመት፣ ከአጣዬ፣ አባትና ሁለት ወንድም የሞተባት» ተብሎ ቢጻፍ ሰፈሩ በሙሉ የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃል። እዚህ አገር እኮ እንግዳ ሰው ገና ከአውቶቡስ ሳይወርድ የማን ዘመድ እንደሆነ ይታወቃል። መደፈር ያለበት መልስ ሲሆንስ? ልጅቷ ነገ ታገባለች፣ እዚሁ ትኖራለች።

ነርሷ፦ የመሐል ሜዳው ያለው አይጋነንም። እኔ ራሴ አይቻለሁ። የት እንደሆነ አልናገርም፣ የተሞላ መጠይቅ የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ አግኝቻለሁ። ስም የለውም። ግን የማን እንደሆነ አንብቤ አወቅኩ። ስለዚህ «ተቆልፎ ይቅር» የምትሉ፣ የትኛውን ቁልፍ ነው? አሁን ያለው ዳታ ተማሪው ላፕቶፕ ላይ ነው፣ ፍላሽ ላይ ነው። ተመርቆ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል።

የስታትስቲክስ መምህር፦ እንዲህ ይሁን የምለውም ለዚህ ነው። ዕድሜው «ከ8 እስከ 11» ይባል፣ ቀበሌው ይሰረዝ። ዳታው ከቤቱ አይውጣ፤ ተመራማሪው ጥያቄውን ይላክ፣ ስሌቱ እዚሁ ተሠርቶ ውጤቱ ብቻ ይሰጠው። ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 1321/2016፣ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ጋር መድቦታል። ዝም ብሎ በቴሌግራም የሚላክ ነገር አይደለም።

የመሐል ሜዳው፦ ፈቃዱስ? እናትየው የፈረመችው ለአንድ ጥናት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሃቫሱፓይ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ለስኳር በሽታ ጥናት ብለው ደም ሰጡ። በኋላ ደማቸው ለአእምሮ ሕመምና ለዘር አመጣጥ ጥናት ዋለ። ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2010 ጥናቱን ያካሄደው ዩኒቨርሲቲ 700,000 ዶላር ከፍሎ የቀረውን ደም መለሰላቸው። የእኛ እናት ማንን ትከሳለች?

ከመጠለያ፦ ሰላም ልጆቼ። የምትጽፍልኝ ልጄ ናት፣ እኔ ማንበብ አልችልም። አራት ጊዜ መጡ። አራቱም ያው ጥያቄ ነው፤ ሌሊት ትጮኻለች ወይ፣ እሳት ስታይ ምን ትሆናለች። በጠየቋት ቁጥር ማታ አትተኛም። አንዱ ጠይቆ ለሌላው ቢነግረው ምን ነበረበት? ተመልሶ የመጣ ደግሞ የለም። ፈረምኩ፣ ሳሙና ሰጡኝ፣ አለቀ።

የስታትስቲክስ መምህር፦ እናቴ፣ ያሉት ከእኔ ቁጥር ሁሉ ይበልጣል።

የመሐል ሜዳው፦ እኔም እዚህ ላይ እሸነፋለሁ። አራት ጊዜ መጠየቅ ግፍ ነው። ግን ፊርማው ሁለት ይሁን። አንዱ ለጥናቱ፣ አንዱ ለሌላ እንዲሰጥ። ሁለተኛውን እንቢ ያለ ሳሙናው አይቀርበት። እኔ ከዚህ በታች አልወርድም።

ነርሷ፦ ደግሞ ዳታ የሚወስድ ሁሉ ውጤቱን ለጤና ጣቢያው ይመልስ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ እስካለው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሁሉን ልጅ ወደዚያ መላክ አንችልም። እዚህ ያለችው ነርስ ናት የምታክመው። የታተመውን ጽሑፍ እኔ አይቼው አላውቅም። በእንግሊዝኛ፣ ያውም በክፍያ።

ከመጠለያ፦ አሁን የምጽፈው ልጅቷ ነኝ። 14 ዓመቴ ነው። የፈረመችው እናቴ ናት፣ እኔን ማንም «ትፈቅጃለሽ?» አላለኝም። እኔ ስለ አባቴ የተናገርኩት ለሌላ ልጅ የሚጠቅም ከሆነ ይሂድ። ታናሽ ወንድሜ የሣለው ሥዕል ግን አይሂድ። ቤታችንን ነው የሣለው። ይመለሳል ብለው ነበር የወሰዱት።

ነርሷ፦ መቼ ነበር የመጡት? በውስጥ መስመር ጻፊልኝ የኔ ቆንጆ። እጠይቅልሻለሁ።